ከጥናት የተማርነውን ለሌላ ማካፈል፦ የሁሉም ድርሻ ነው ወይስ የመምህራን ብቻ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የዛሬው መከራከሪያችን ይኼ ነው። አንዲት የጥናት ቡድናችን እህት ከሮሜ መልእክት የተማረችውን በአጭር ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀች። ብዙ ሰው ወደደላት። አንድ መምህር ግን «ካልተላኩስ እንዴት ይሰብካሉ?» የሚለውን ከዚያው ከሮሜ 10 ጠቅሰው በሰው ፊት ገሠጿት። ወዲያው አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ ጥናት ላይም አፏን አትከፍትም። ይኼ ነው ያንገበገበኝ። እኔ የተማሩትን ማካፈል የሁሉም ክርስቲያን ድርሻ ነው ባይ ነኝ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በግልጽ ተናገሩ። እዚህ የኦርቶዶክስም የወንጌላውያንም ልጆች አለን፤ ስድብ አይፈቀድም።

የመጻሕፍት ቤት ተማሪ (ጎንደር)፦
እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ። ሐዲስ ኪዳንን ከነትርጓሜው ለመማር መምህር እግር ሥር ዓመታት ይፈጃል። አንዷን ጥቅስ መምህራችን «አንድም» እያሉ በሁለትና በሦስት መንገድ ይፈቱልናል። ሁሉንም በቃልህ ካልያዝክ ወደ ቀጣዩ አታልፍም። ቲክቶክ ላይ ያለህ ግን አንድ ደቂቃ ነው።

ኤርምያስ 29፥11ን ውሰዱ። እግዚአብሔር የሰላም አሳብ እንጂ የክፉ አያስብላችሁም የሚለውን ስንቱ ነው ለማትሪክ፣ ለቪዛ፣ ለሥራ ቅጥር የሚለጥፈው? አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ በሉ። ሰባ ዓመት በባቢሎን ሲፈጸም ነው የምጎበኛችሁ ይላል። ደብዳቤው የተጻፈው ለምርኮኞች ነው። ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የሚያታልሏችሁን ነቢያት አትስሙ ተብለዋል። ቪዛ የተከለከለ ልጅ «እግዚአብሔር ዋሸኝ» ብሎ ቤተ ክርስቲያን ሲቀር ተጠያቂው ማን ነው? ያዕቆብ 3፥1 አስተማሪ ለመሆን አትሽቀዳደሙ፣ ፍርዱ ይከብዳል የሚለው ለዚህ ነው።

ከሪያድ፦
ወንድሜ፣ የኤርምያሱ እውነትህን ነው። እኔም ለጥፌዋለሁ። ግን መምህር ከየት ላምጣ? እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። ከቤት የምወጣው ከማዳም ጋር ብቻ ነው። አገር ቤት ያለች ጓደኛዬ በጥናት የተማሩትን በቴሌግራም በድምፅ ትልክልኛለች። ዕቃ አጥቤ፣ ልጆቹን አስተኝቼ እሰማዋለሁ። መሐል ላይ «ቆይ ደብተሬን ልይ» ትላለች፤ ቅጠሉን ስትገልጥ ይሰማኛል። ያልገባት ቦታ ስትደርስ «ይቺን አባን ጠይቄ እነግርሻለሁ» ብላ ታልፋለች፣ በሚቀጥለው ደግሞ መልሱን ይዛ ትመጣለች። የማርቆስን ወንጌል እንዲህ ጨረስነው። እሷም ዝም ትበል?

የመጻሕፍት ቤት ተማሪ፦
እሷማ ዝም አትበል። እግዜር ይስጣት። ግን ለአንቺ ነው የምትነግረው፣ ታውቂያታለሽ፣ ትጠይቂያታለሽ። ቲክቶክ ላይ ማን እንደሚሰማህ አታውቅም።

ከሐዋሳ፦
ልጆች፣ ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ ስለ ደርግ ዘመን ላንሳ። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች። ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። ምእመኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ማጥናት ቀጠለ። እስከዚያ ድረስ ሰሚ ብቻ የነበረው ሁሉ፣ ሴቶችም ጭምር፣ የሰማውን ለጎረቤቱ ማስረዳት ግድ ሆነበት። ደርግ በ1983 ሲወድቅ የምእመኑ ቁጥር በብዙ እጥፍ አድጎ ተገኘ። ያን ጊዜ «የተላከ ብቻ ይናገር» ብለን ቢሆን ኖሮ አስቡት።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ (አዲስ አበባ)፦
የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። የሚለጠፈው ብዙው ነገር ማካፈል ሳይሆን የሌላውን እምነት ለመርታት የተወረወረ ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15ን ሁሉም ለመልስ ተዘጋጁ እስከሚለው ድረስ ይጠቅሰዋል። በየዋህነትና በፍርሃት የሚለውን ጥሎት ይሄዳል።

የመጻሕፍት ቤት ተማሪ፦
አንድ ልጨምር። በሐዋርያት ሥራ 8 የእኛው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ «የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። የመራው ፊልጶስም ዝም ብሎ መንገደኛ አይደለም። ሐዋርያት እጃቸውን ከጫኑባቸው ከሰባቱ አገልጋዮች አንዱ ነው።

አወያይ፦
ጥሩ ቦታ ነካህ። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ጃንደረባው ተጠምቆ ደስ እያለው አገሩ ገባ። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ወንጌልን ወደዚህ ምድር ያመጣው እሱ እንደሆነ ነው። ስንት ዓመት ተማረ? በሠረገላ ላይ የአንድ መንገድ ትምህርት ነው የነበረው። የተማራት ትንሽ ናት፣ ግን ይዟት ዝም አላለም።

ደግሞ የምትማርበትን የራስህን ጉባኤ ቤት ተመልከት። ማታ ማታ ጀማሪውን የሚያስጠናው ማን ነው? ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ እኮ ነው። መምህር አልተባለም፣ ወንበር አልተተከለለትም። የሰማውን ግን ያሰማል።

በሐዋርያት ሥራ 18 ያለውን የአጵሎስንም ነገር አስቡ። አንደበተ ርቱዕ ነው፣ መጻሕፍትን ያውቃል፣ በምኩራብ በድፍረት ያስተምራል። የሚያውቀው ጥምቀት ግን የዮሐንስን ብቻ ነበር። ትምህርቱ ጎዶሎ ነው ማለት ነው። ያረሙት ጵርስቅላና አቂላ ድንኳን ሰፊዎች ናቸው። በምኩራቡ ተነሥተው አላሸማቀቁትም፤ ወደ እነሱ ወስደው በትክክል ገለጡለት። ከዚያ ወንድሞች የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈው ወደ አካይያ ሸኙት። ማንም ዝም በል አላለውም። እህታችንን የገሠጹት መምህር ደውለው «ልጄ፣ ነይ እስቲ፣ ይቺ ቦታ እንዲህ ነች» ቢሏት ምን ነበረበት? አሁን ቪዲዮውም የለም፣ የተማረችው ነገርም የለም። ስሕተቱ ካለ እንኳ ልቧ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል።

እኔ የምላት፦ መልሰሽ ልቀቂው። ምዕራፉን ሙሉ ጥቀሺ። ከማን እንደተማርሽ ተናገሪ። የማታውቂውን አላውቅም በዪ።

የመጻሕፍት ቤት ተማሪ፦
ጀማሪ ማስጠናታችን እውነት ነው፤ እኔም የማስጠናቸው አሉ። ግን በነጋታው ልጁ መምህሩ ፊት ይቀርባል። አጣምሜ ካስያዝኩት ይታወቃል፣ እኔም እገሠጻለሁ። እሷን የሚሰማት ማን ነው? እዚህ ላይ አልተመለሰልኝም።

አወያይ፦
አንተ ስማት። ከመልቀቋ በፊት ትላክልህ።

የመጻሕፍት ቤት ተማሪ፦
ትላክልኝ። ግን የተቆረጠ ጥቅስ አላይም፣ ሮሜ 10ን ሙሉውን አንብባ ትምጣ። እዚህ ኔትወርክ ስለሚያስቸግር በጽሑፍ ቢሆን ይሻለኛል።