የአንቀልባ ዛጎል ነጭ ዱቄት አወጣ፤ ምን ይሻለዋል?

ሙዳይ፦ ዛጎል የተሰፋበት የቆየ የቆዳ አንቀልባ ነው። ዛጎሎቹ ደብዝዘው ነጭ ዱቄት አውጥተዋል፤ ቢጠረግም ይመለሳል። ሦስቱ ወድቀው ጠፍተዋል። በምን ላጽዳቸው? ምትክስ የትኛው ዓይነት ነው?

ሀ.መ፦ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ እሺ ብሎ ይለቃል።

ወስፌ፦ ኧረ በፍጹም! ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲነካው አረፋ እየደፈቀ ይበላል፣ ወዙም አይመለስም። በረኪናም ቆዳውን ያደርቀዋል። ሙዳይ፣ አንቀልባው የት ነው የሚቀመጠው?

ሙዳይ፦ በእንጨት ሣጥን፣ በካርቶን ተጠቅልሎ። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል።

ወስፌ፦ እሱ ነው ጠንቁ። እንጨትና ካርቶን የአሲድ ትነት ይለቃሉ፤ እርጥበት ሲጨመርበት ዛጎሉን ወደ ጨው ይለውጠዋል። ሻጋታ እንዳይመስልሽ። ክራቸው የላላውን ፍቺና በዲስቲልድ ውሃ 24 ሰዓት ዘፍዝፊ፤ ውሃውን ሁለት ሦስቴ ቀይሪ፣ ከዚያ ጥላ ላይ 3 ቀን ይድረቅ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ውሃ ይሆናል፤ ከጎኑ የሚደረደረውን የባትሪ አሲድ እንዳታነሺ ብቻ። ያልላሉትን ግን ቆዳው ላይ እንዳሉ፣ እርጥብ በሆነ የጆሮ ጥጥ አንድ በአንድ ጥረጊ። ቆዳው መራስ የለበትም። ከሣጥኑ አውጥተሽ በታጠበ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልይው።

ጠረፍ፦ ስለ ምትኩ፦ ገበያ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ሁለት ናቸው። አንዱ ጀርባው ላይ ወርቃማ ቀለበት አለው፤ ሌላው ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ነው። ለመስፋት ጀርባው ስለሚቆረጥ ቀለበቱ አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዙሪያውን እይ። ለስላሳ ሞላላ ከሆነ ባለ ቀለበቱ፣ ማዕዘን ማዕዘን ካለው ቢጫው ነው። ፕላስቲኩን ለመለየት ጉንጭሽ ላይ አድርጊው፤ እውነተኛው ይቀዘቅዛል፣ በአፉ ስንጥቅ ዳር ያሉት ጥርሶቹም እኩል አይደሉም።

ወስፌ፦ የተቆረጠው ጠርዝ ስለት ነው፤ ክሩን የሚበጥሰው እሱ ነው። ሳይሰፋ በፊት 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ ነክረሽ አለስልሺው፤ ደረቁን ከፋቅሽ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ወፍራም የጥጥ ክር ወስደሽ በንብ ሰም እሺው። በድሮው ቀዳዳ ብቻ ስፊ፤ አዲስ በወስፌ ከተበሳ ቆዳው በዚያው መስመር ይቀደዳል። ክሩ ከቆዳው ወጥቶ በዛጎሉ ጫፍ ላይ ያልፍና በአፉ ገብቶ ይመለስ፤ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ጊዜ። እያንዳንዱን ለብቻው ቋጪ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው አይከተልም።

ሙዳይ፦ ቆዳውን ቅቤ ልቀባው?

ወስፌ፦ ቅቤ ይኮመጥጣል፣ ብልም ይጠራል። ይቅር።