የስሊቭ (ጨጓራ መቀነሻ) ኦፕራሲዮን ከተሰራሁ 14 ወር ሆነኝ፣ ቫይታሚኑን ባቆመውስ? (ሁዳዴም ደርሷል)

ሚጥሚጣ በሩቁ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አምና ታኅሣሥ ላይ ነው ስሊቭ የተሰራሁት፣ የምኖረው ሜሪላንድ። ከ112 ኪሎ 74 ገብቻለሁ፣ ስኳሬም ወርዷል፣ ተመስገን ነው። ጥያቄዬ ስለ ቫይታሚኑ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንደ ወታደር ሰዓት ጠብቄ ነበር የምወስደው። የሚታኘከው መልቲቫይታሚን አለ፣ ካልሲየም አለ፣ ብረት አለ፣ ከምላስ ስር የምትቀልጠዋ ቢ12 አለች። ከዛ ብረቱ ሆዴን አደረቀኝ። ካልሲየሙ ጠመኔ የበላሁ ያህል አፌ ላይ ይቀራል። ኢንሹራንሴ ደግሞ ለቫይታሚን አልከፍልም ስላለ በየወሩ ከኪሴ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንዱን ስተው ሌላውን ስረሳ 4 ወር ሆነኝ ምንም ሳልወስድ። አንዳንዴ ብቻ የልጄን የከረሜላ ቫይታሚን እሰርቃለሁ፣ ሃሃ።

ደህና ነኝ ግን። ጸጉሬ 4ኛው ወር ላይ ረግፎ አስለቅሶኝ ነበር፣ ተመልሷል። ድካም አለ፣ ሁለት ስራ እየሰራ የማይደክመው ማን አለ? ማታ ማታ እግሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል፣ ቀኑን ሙሉ ስለምቆም ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ጓደኛዬ «ስሊቭ እኮ አንጀት አይነካም፣ ቫይታሚን አንጀታቸው የሚቀጠልላቸው የባይፓሶች ጣጣ ነው» ትለኛለች። እውነት ነው?

ሌላው፣ አምና ቁስሉ አዲስ ስለነበር ሁዳዴን አልጾምኩም። ዘንድሮ እስከ 9 ሰዓት ልጾም አስቤያለሁ። የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

ማታ ፈረቃ፦

እህቴ፣ ነርስ ነኝ። ሐኪምሽን አልተካም፣ ግን ሌላውን ሁሉ ዘልዬ እግርሽ ላይ ልምጣ። ጉንዳኑ ጫማሽ አይመስለኝም። ነገ ደውለሽ የደም ምርመራ አስይዢ።

የጓደኛሽ ነገር ግማሹ ልክ ነው። አንጀትሽ አልተነካም። ግን ስሊቭ ላይ የሚወጣው ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶው ነው። ጨጓራ ከረጢት ብቻ አይደለም። አሲድ ያመነጫል፣ ብረትና ቢ12 ከምግቡ እንዲላቀቁ አሲዱ ያስፈልጋል። ሌላም አንድ ፕሮቲን ያመነጫል፣ ቢ12ን ይዞ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ድረስ የሚያደርስ። ያ ፋብሪካ አብዛኛው ተቆርጦ ወጥቷል። ባይፓስ ላይ ይብሳል፣ ምክንያቱም ምግቡ ብረትና ካልሲየም በብዛት የሚገቡበትን የአንጀት መጀመሪያ ዘሎ ያልፋል። ቫይታሚኑ ግን ለሁለቱም ዕድሜ ልክ ነው።

«ደህና ነኝ» ያልሽው ነገር ነው ሰውን የሚያታልለው። ጉበት ቢ12 ያከማቻል፣ የቆየ ክምችት ያለው ሰው ዓመትም ከዚያም በላይ ምንም ሳይሰማው ሊሄድ ይችላል። ከዛ እግር ይደነዝዛል፣ መርሳት ይመጣል። ዘግይቶ ከተያዘ ነርቩ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስኳር ነበረብኝ ብለሻል። ሜትፎርሚን ስንት ዓመት ወሰድሽ? እሱም ቢ12 ይቀንሳል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለቃር ኦሜፕራዞል ከሰጡሽም እንደዛው። ስኳሩ ራሱም እግር ይነዝራል፣ ስለዚህ በግምት አትሂጂ።

የምትጠይቂው፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ፒቲኤች (ካልሲየምን የሚቆጣጠረው ሆርሞን)፣ ቢ1፣ ዚንክና ኮፐር። ሄሞግሎቢንሽ ደህና ነው ብለው ብቻ እንዳይመልሱሽ። ፌሪቲን ማለት የብረቱ ጎተራ ነው፣ ጎተራው ባዶ ሆኖም ሄሞግሎቢን ለጊዜው ደህና ሊመስል ይችላል። የወር አበባ የምታይ ሴት ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት ነው የሚመከርላት። የልጅሽ ከረሜላ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢው እስቲ፣ አብዛኞቹ ከረሜላዎች ብረት የሚባል ነገር የላቸውም።

ቀይ ጤፍ፦

እናንተ ነርሶች ከኪኒን ውጪ አታውቁም። አያቶቻችን ምን መልቲቫይታሚን ነበራቸው? የቀይ ጤፍ እንጀራ ብዪ፣ ሽፈራው በሻይ አፍልተሽ ጠጪ፣ ተልባ ጨምሪበት። ብረቱም ካልሲየሙም እዛው አለ። ያገሬን ሰው በኪኒን ነጋዴ አታስበሉት።

ማታ ፈረቃ፦

ወንድሜ ቀይ ጤፍ፣ አያቶቻችን ጨጓራቸው ሙሉ ነበር።

ሽፈራውን አልጠላም፣ ቅጠሉ ጥሩ ነው። ግን ቢ12 ሽፈራው ውስጥ የለም፣ ተልባ ውስጥም የለም፣ ጤፍ ውስጥም የለም። ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው የሚገኘው፣ ወይ ከተጨመረበት ምግብ። የጤፍ ብረት ደግሞ ብዙ ነው የሚባለው ከፊሉ አውድማ ላይ የገባ የአፈር ብረት ነው፣ ያንን ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። ከእህሉ ውስጥ ያለውንም ብረት እዛው እህሉ ውስጥ ያለ ፋይቴት የሚባል ነገር ይዞ አይለቅም። ሊጡ ሲቦካ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በዛ ላይ ስሊቭ የተሰራ ሰው ስንት እንጀራ ይበላል? እሷ ሩብ እንጀራ ከጨረሰች እኔ እሸልማታለሁ።

ዱባይ 7 ዓመት፦

እኔ የሆንኩትን ልንገራችሁ፣ ይህቺ ነገር ሳትነሳ አትለፍ። ባይፓስ ከተሰራሁ በ3ኛው ሳምንት ማስመለስ ጀመረኝ። ውኃ እንኳን አልረጋ አለ። «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው» ብዬ ቻልኩት፣ ቫይታሚኑም አብሮ ወጣ። ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ፣ ግሉኮስ ሰቀሉልኝና ሸኙኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ስሄድ እንደ ሰካራም ነኝ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ጠጥቷል ብሎ ተቆጣኝ፣ እኔ ለ2 ወር ቢራ አፌ አልገባም!

የቀዶ ሕክምና ሐኪሜ ጋ ሲወስዱኝ አይኔን አይቶ ወዲያው ቢ1 በደም ስር ሰጠኝ። ታያሚን ይሉታል። የሰውነት ክምችቱ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት አያልፍም አለኝ፣ ስለዚህ የሚያስመልስ ሰው ቶሎ ያልቅበታል። ደግሞ ታያሚን ሳይሰጡ ግሉኮስ ብቻ መስቀል ነገሩን ሊያባብሰው እንደሚችል ያኔ ነው የሰማሁት። አይኔ በቀናት ተስተካከለ፣ አካሄዴ ግን ወራት ፈጀ። ስለዚህ ማናችሁም ማስመለስ ከ2 እና 3 ቀን ካለፈ ድንገተኛ ክፍል ስትሄዱ «ባይፓስ ተሰርቻለሁ፣ ታያሚን ስጡኝ» ብላችሁ በአፋችሁ ተናገሩ። አታፍሩ። እኔ ኦፕራሲዮኑን ደብቄ ነበር።

የቦሌ ልጅ፦

እኔ ቱርክ ሄጄ ነው ስሊቭ የተሰራሁት፣ 3 ዓመት ሊሆነኝ ነው። 5 ቀን አስተኙኝ፣ በቱርክኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አስያዙኝ፣ ቻው። እዚህ የሚከታተለኝ ሰው ለማግኘት ስንት ደጅ ጠናሁ።

አንቺ አሜሪካ ሆነሽ ካልሲየሙ ጠመኔ ጠመኔ ይላል ትያለሽ፣ እኛ እኮ ከሚመጣ ሰው ሻንጣ ላይ ነው የምንለምነው! እዚህ ፋርማሲ ገብቼ ካልሲየም ስል የሚሰጡኝ ካርቦኔቱን ነው። እሱ በደንብ እንዲሟሟ አሲድ ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ አሲዳችን ቀንሷል። ሲትሬቱ ነው የሚሻለን፣ ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ ሲትሬት ብዬ ስሙን ጽፌ ነው የምልክላት። ሻንጣ ላይ የመጣውን ደግሞ ቀኑን እዩት፣ አንዴ ጊዜው ያለፈበት 2 ጠርሙስ ደርሶኛል፣ «ርካሽ አግኝቼ ነው» አለችኝ ነፍሷን ይማርና፣ አልሞተችም ግን።

ሰዓቱን በተመለከተ እኔ የደረስኩበት ይኸው። ካልሲየምና ብረት አይዋደዱም፣ ቢያንስ 2 ሰዓት ይለያዩ። ካልሲየም በአንዴ ከ500 ወይ 600 ሚሊግራም በላይ ብትወስጂ ትርፉ ብዙም አይገባም፣ የቀኑ 1200 እስከ 1500 ስለሆነ መከፋፈል ግድ ነው። ቡናና ሻይ ደግሞ የብረት ጠላት ናቸው። የኔ ቤት ቡና ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፣ አቦል ቶና በረካ ሳይባል አይነሳም። ስለዚህ ብረቴን ማታ ስተኛ አደረግኩት፣ ከትንሽ ብርቱካን ጋር። ካልሲየም ምሳ ላይ፣ 10 ሰዓት ላይ፣ እራት ላይ። ስልኬ ይጮኻል፣ የቢሮ ሰዎች ጸሎት ነው የሚመስላቸው።

የሆድ ድርቀቱን በተመለከተ ብረቱን ሙሉ በሙሉ ከመተው ዓይነቱን ቀይሪ፣ ወይ አንድ ቀን እየዘለልሽ መውሰድ ይቻል እንደሆን ሐኪምሽን ጠይቂ። ጭራሽ ካልተስማማሽ በደም ስር የሚሰጥም አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጸጉር ብላችሁ ዚንክ ብቻውን በብዛት አትውሰዱ። ዚንክ ሲበዛ ኮፐር ይቀንሳል፣ የኮፐር እጥረትም እግር ያደነዝዛል። ቢ6 ያለበትን መርፌም ከመንደር ፋርማሲ በዘፈቀደ እየተወጉ መኖር ጥሩ አይደለም። ቢ6 ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

እትዬ ሚኒሶታ፦

ልጄ ሚጥሚጣ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ ባይፓስ ከተሰራሁ 11 ዓመት አለፈኝ። እንዳንቺው ደህና ነኝ ብዬ ካልሲየሙን የተውኩት በ3ኛው ዓመት ነው። በየዓመቱ የደም ካልሲየሜ ይለካል፣ ልክ ነው ይሉኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ለካ ሰውነት ደሙ ውስጥ እንዳይጎድል ከአጥንት ላይ እየሸረፈ ነው የሚሞላው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቤቴ በር ላይ በረዶ አንሸራተተኝ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ አንጓዬ ቀጭ አለ። ከዛ በኋላ ነው ፒቲኤች የሚባለውን የለኩት፣ ጣራ ነክቷል። የአጥንት ራጁም አጥንትሽ ሳስቷል አለ። አሁን ካልሲየሜንም ቫይታሚን ዲዬንም እንደ ዳዊት ነው የምደግመው። በዛ ላይ የኛ ሰው ቆዳው ጠቁሮ፣ ክረምቱ ረዝሞ፣ ፀሐይ የት አግኝተን።

የጾሙን ነገር ልንገርሽ። እስከ 9 ሰዓት ልጾም ያልሽውን እስቲ ቁጭ ብለሽ አስቢው። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ውኃ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት አለብሽ፣ ገልብጠሽ መጠጣት አትችይም። ከምግብ ጋር አትጠጪም፣ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ትጠብቂያለሽ። ፕሮቲንሽ 60 ግራም መሙላት አለበት። ካልሲየሙ ሦስቴ፣ ብረቱ ለብቻው። ይሄን ሁሉ ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ እንዴት አድርገሽ ታስገቢዋለሽ? እኔ አንድ ዓመት ሞክሬ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደቅኩ። የንስሐ አባቴ ጠሩኝና «የታመመ ሰው ጾሙ ሌላ ነው፣ ማን አስገደደሽ?» ብለው ተቆጡኝ። አሁን ጠዋት እበላለሁ፣ ምግቡ የጾም ነው። ሽሮ ወፈር አድርጌ፣ ምስር፣ ቶፉ፣ የአተር ፕሮቲን ዱቄት። ኪኒኖቼን አልነካካም። አንቺም የራስሽን አባት ጠይቂ፣ ከሐኪምሽ ቀጥሎ።

ቀይ ጤፍ፦

እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ ሲናገሩ ገባኝ። እኔ እንኳን አልተሰራሁም፣ ሚስቴ ናት የተሰራችው። ሽፈራው ብቻ ነው እየሰጠኋት ያለሁት። ምርመራ እወስዳታለሁ።

ማታ ፈረቃ፦

ቀይ ጤፍ፣ ልጅ የምትፈልጉ ከሆነም ለሐኪሟ ንገሩ። ብዙውን ጊዜ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ቆዩ ነው የሚባለው፣ የምትወስደው የፎሌት መጠንም ከፍ ሊደረግ ይችላል፣ ቫይታሚን ኤዋም ዓይነቱ ይታያል። ብቻ ቢ12ቷ ሳይታወቅ ፎሌት ብቻውን በብዛት እንዳትወስድ፣ የደም ማነሱን ሸፍኖ ነርቩ ውስጥ ለውስጥ እየተጎዳ ሊሄድ ይችላል።

ሚጥሚጣ በሩቁ፦

የደም ምርመራው ውጤት መጣ፣ ልጻፍላችሁ። ቢ12 178። ፌሪቲን 9። ቫይታሚን ዲ 17። ሦስቱም ዝቅ ያሉ ናቸው። ሄሞግሎቢኔ ከድንበሩ ትንሽ ዝቅ ብሏል እንጂ እንዲህ ያስደነግጣል አይባልም፣ ማታ ፈረቃ እንዳለችው። ሜትፎርሚን 6 ዓመት ወስጃለሁ፣ ሐኪሟም እሱን ነው ቶሎ የጠየቀችኝ።

ቢ12 በመርፌ ጀምራልኛለች፣ 1000 ማይክሮግራም፣ መጀመሪያ በየሳምንቱ ከዛ በየወሩ። ቀን ቀን የሚፈለገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ከሆነ 1000 ለምን አስፈለገ ብዬ ጠየቅኳት። መርፌው የጎደለውን ክምችት ቶሎ ለመሙላት ነው አለችኝ። በኋላ ወደ ኪኒን ብመለስም 1000ው አይቀርም፣ ምክንያቱም ያ ተሸካሚ ፕሮቲን ሲያንስ ከሚዋጠው የሚገባው አንድ በመቶ አካባቢ ነው። ብረቱን 3 ወር በሌላ ዓይነት እንሞክርና ካልሆነ በደም ስር ብላለች። የእግሬን ነገር ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ታገሺ ነው ያለችው።

ስለ ጾሙ አባቴን ጠየቅኩ። ሳቁና «ውኃሽን ጠጪ» አሉኝ። ቢ12ቱ ከሥጋ ይመጣል ብዬ ሰግቼ ነበር፣ ለካ ኪኒኑ ውስጥ ያለው በባክቴሪያ ነው የሚመረተው። የአንዳንዶቹ እንክብል ልባስ ግን ከእንስሳ ጄላቲን ስለሆነ የሚታኘከውን መረጥኩ።

እትዬ፣ የሽሮውን አሰራር በውስጥ ይላኩልኝ። የቦሌ ልጅ፣ ሚያዝያ ላይ የሚመጣ ሰው አለኝ፣ ሲትሬት ስንት ጠርሙስ ልያዝልህ? ቀኑን አይቼ ነው የምገዛው። እና ከሚታኘኩት ካልሲየሞች ጠመኔ ጠመኔ የማይል የምታውቁ ካላችሁ አሁንም እየጠየቅኩ ነው።