አስቸኳይ፦ ያበጠ ፓወር ባንክ ሻንጣ ውስጥ አለ፣ በረራው ነገ ሌሊት ነው

የጠባሴዋ ልጅ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ ነገ ሌሊት ከቦሌ ትበራለች፤ ከደብረ ብርሃን የምንነሣው ጠዋት ነው። ፓወር ባንኩ ጎኑ ተላቆ አብጧል። ወንድሜ በፕላስተር ጠቅልሎ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ ከበርበሬው ሥር ከቶታል። «ጭነት ክፍል ሰው ስለሌለ እዚያ ይሻላል» ይላል። ሻንጣው ታስሯል። ልፍታው ወይስ ይሂድ? ደግሞ ሰማይ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የባሰ ያብጣል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው? ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ድሮም መብረሩን ፈርታዋለች።

መንዝ ጓሳ፦
እህቴ፣ ፓወር ባንክ በትልቁ ሻንጣ አይሄድም። አውጥተሽ በእጅ ቦርሳ አድርጊው። አለቀ።

በሬሳ ማዶ፦
ስንት ሚሊአምፒር አወር (mAh) ነው? በየትኛው አየር መንገድ ነው የሚሄዱት? ዋናውን አልጻፍሽም። ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር በ3.7 አባዢና ለ1000 አካፍዪ፣ ዋት አወሩ፣ ማለትም የሚይዘው የኃይል መጠን ይወጣል። 10000 ከሆነ 37፣ 20000 ከሆነ 74፣ 27000 ከሆነ 99.9 ነው። እስከ 100 ዋት አወር ያለ ፈቃድ በእጅ ይያዛል። ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን አስፈቅዶ ሁለት ብቻ ነው፤ 30000 የሚለው 111 ስለሚመጣ እዚህ ይገባል። ከዚያ በላይ መንገደኛ ይዞት አይሄድም። ጽሑፉ የተፋቀበትን ፈታሾቹ ሊያስቀሩት ይችላሉ።

በዱባይ የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ ኤምሬትስ ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚፈቅደው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በረራ ላይ መጠቀም ክልክል ነው።

ጣርማበር፦
ወገኖቼ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡት እንጂ! አብጧል እኮ ነው የምትለው። የ100 ዋት አወሩ ሕግ ለጤነኛ ባትሪ ነው። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ባትሪ በእጅም በጭነትም አይሳፈርም።

እህቴ፣ ሻንጣውን አሁን ፍቺው፣ ለጠዋት አታሳድሪው። ስታወጪው አትጫኚው፣ አታጣምሚው። ፕላስተሩን ለመላጥ አትታገዪ፣ እንዳለ ይውጣ። ግቢ ውስጥ በጣሳ ወይም በአሮጌ ብረት ድስት ደረቅ አሸዋ አድርጊ፣ ባትሪውን አስቀምጪበት፣ ከላዩም አሸዋ አልብሺው። ክዳን ግጥም አድርገሽ አትዝጊበት፤ ጋዝ ቢወጣ መውጫ ያጣል። ከጭድ፣ ከከሰልና ከጋዝ ሲሊንደር ይራቅ፤ ልጅም አይድረስበት።

የወንድምሽ ሐሳብ የተገላቢጦሽ ነው። ጭነት ክፍል ሰው የለም ማለት ደርሶ ውኃ የሚያፈስበት የለም ማለት ነው። ጭስ ጠቋሚና ሃሎን የሚባል ማጥፊያ ጋዝ አለ፤ ነገር ግን ሃሎኑ ነበልባሉን ያፍናል እንጂ ባትሪው ውስጥ የተነሣውን ሙቀት አያቆመውም። አንዱ ሴል፣ ማለትም ውስጡ ካሉት ትንንሽ ባትሪዎች አንዱ፣ ሲግል ጎረቤቱን ያግለዋል፣ እንደገና ይቀጣጠላል። አጠገቡ የፀጉር ስፕሬይ ካለ ፍንዳታ ሊከተል ይችላል። መንገደኛ ባለበት ክፍል ግን አስተናጋጆቹ ነበልባሉን ካጠፉ በኋላ ውኃ እየደጋገሙ ያፈሱበታል። ትልቁ ሥራ ማቀዝቀዙ ነው።

ሞላሌ፦
በእጅ ቦርሳ ይያዙት። ጫፉን በፕላስተር መሸፈን ብቻ ነው።

ጣርማበር፦
ወንድሜ ሞላሌ፣ ፕላስተሩ ለሌላ ነገር ነው። ለብቻው የሚያዝ የካሜራ ባትሪ ጫፉ ከሳንቲም ወይም ከቁልፍ ጋር እንዳይነካካ ይሸፈናል። ያበጠን አይፈውስም፤ እብጠቱን ይደብቃል፣ ጭራሽ ይጫነዋል።

አንኮበር ማለዳ፦
ነገሩ ሰፋ ብሎ ቢታይ መልካም ነው። ዛሬ በረራ የታመነ የሆነው አውሮፕላን ስለማይበላሽ አይደለም፤ የደረሰው ሁሉ እየተመረመረ ሕግ ስለሚወጣለት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ከዱባይ በተነሣ ዩፒኤስ የተባለው የአሜሪካ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ላይ ሊቲየም ባትሪ (ፓወር ባንክም ውስጥ ያለው ዓይነት) የነበረበት ጭነት ተቃጥሎ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ ሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎ መጫን በዓለም ደረጃ ተከልክሏል። የእኛው አየር መንገድ ንግሥተ ሳባ የተባለችው ቦይንግ 787ም በጁላይ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂትሮው ባዶዋን ቆማ ሳለች ጣሪያዋ ተቃጥሏል። የእንግሊዝ መርማሪዎች እሳቱን ያገኙት የአደጋ ጊዜ ምልክት ማሰራጫው ሊቲየም ባትሪ ላይ ነው፤ ገመዶቹ ከክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። የተቆነጠጠ ገመድ ያን ያህል ካደረሰ የተላቀቀ ፓወር ባንክ በቀላል አይታይም። በደቡብ ኮሪያ ደግሞ በጃንዋሪ 2025 የኤር ቡሳን አውሮፕላን ሳይነሣ ከራስ በላይ ካለው ዕቃ ማስቀመጫ እሳት ተነሣበት፤ ሰዎቹ ሁሉ በሕይወት ወጡ። ፓወር ባንክ ስለተጠረጠረ ከማርች 1 ቀን ጀምሮ እዚያ አገር ከላይ ማስቀመጥ ቀረ፤ በኪስ ወይም በወንበሩ ኪስ ይያዛል።

መንዝ ጓሳ፦
መምህር፣ ትምህርቱ ደግ ነው፣ ልጅቷ ግን የታሰረ ሻንጣ ፊት ቆማለች። እኔም እብጠቱን አላስተዋልኩም፤ የጣርማበርን ስሚ።

የጠባሴዋ ልጅ፦
እየፈታን ነው። 20000 ይላል። ዛሬ ማታ ሞልተነዋል፣ ሲነኩት ለብ ይላል። ወንድሜ በመርፌ ወግቼ አየሩን ላስተንፍሰው እያለ ነው።

ጣርማበር፦
እንዳይወጋው!! ውስጡ ያለው አየር አይደለም፣ ከኬሚካሉ የወጣ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። መርፌው በሁለቱ ንጣፎች መካከል ያለውን ስስ ላስቲክ ከበሳው በዚያው ቅጽበት ሾርት ያደርጋል፣ እጁ ላይ ይነድዳል። ሙሉ ቻርጅ ያለው ደግሞ ከባዶው ይልቅ ክፉ ነው። ላራግፈው ብላችሁም ስልክ አትሰኩበት። «ስስስ» የሚል ድምፅ ወይም እንደ ቀለም ማቅጠኛ ያለ ሽታ ካለ አትንኩት፤ ራቁ፣ ጭሱን አትተንፍሱ። ሌሊቱን ቤት ውስጥ አይደር።

ሸዋሮቢት፦
ከፍታ ስለሚባለው፦ ጥያቄው ራሱ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። አውሮፕላን 11,000 ሜትር ላይ ቢበርም ውስጡ በግፊት ይሞላል፤ አየሩ ቢበዛ 2,400 ሜትር ላይ እንዳለ ቦታ ነው የሚሆነው። በቦይንግ 787ና በኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖች ወደ 1,800 ሜትር ይወርዳል። ጭነት ክፍሉም በግፊት የተሞላ ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት! እናትሽ የሚሳፈሩበት አየር ከማድቤታቸው አየር የወፈረ ነው። ይህን ንገሪያቸው፣ ልባቸው ያርፋል። ባትሪው ያበጠው በእርጅና ወይም ከልክ በላይ ተሞልቶ ውስጡ ስለተበላሸ ነው።

ስለ ፍርሃታቸው ካነሣን ደግሞ፣ ለእኔ የሚያሰጋው ሰማዩ ሳይሆን እስከ አዲስ አበባ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ነው። የመኪናውን ቀበቶ ይሰሩ፣ ሾፌሩም እንቅልፍ ያልጠገበ አይሁን።

ደብረ ሲና ገበያ፦
ይህን ሁሉ ምን አመጣው? ቦሌ ላይ ማሽኑ ካየው ያወጡታል፣ ካላየው ያልፋል።

በሬሳ ማዶ፦
ማሽኑ ባትሪ መኖሩን ያሳያል እንጂ ማበጡን ሁልጊዜ አይለይም። ካዩትም ሻንጣው ይያዛል፣ እናታችን ተጠርተው ይከፈታል፤ በረራው ሊያመልጣቸው ይችላል። ካውንተር ላይ «ሻንጣ ውስጥ ባትሪ አለ?» ተብለው ሲጠየቁም እሳቸው አያውቁም። ስለዚህ የጠባሴዋ፣ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ለስልካቸው ቻርጀሩንና ገመዱን በእጅ ቦርሳ ያድርጉ፤ በረጅም በረራ ወንበሩ ላይ ዩኤስቢ መሰኪያ የሌለው ብርቅ ነው። አዲስ ፓወር ባንክ ከተገዛ ዋት አወሩ በግልጽ የተጻፈበት ይሁን። ሻንጣውን ከፈታችሁ አይቀር ቅቤ በእጅ ቦርሳ እንዳይገባ እዩ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ እንደ ፈሳሽ ተቆጥሮ ይቀራል።

እነዋሪ፦
የጠባሴዋ፣ ወጣ? አሸዋ ውስጥ ገባ? ጻፊልን እንጂ።

እግረ መንገዴን፦ አባቴም በቅርቡ ይሄዳሉ። ስልካቸው በወንበሩ ስንጥቅ ቢገባባቸው ምን ያድርጉ?

ጣርማበር፦
ወንበሩን ወደ ኋላም ወደ ፊትም አያንቀሳቅሱት። ብረቱ ስልኩን ከጨፈለቀው ባትሪው ይነድዳል። ባሉበት ሆነው አስተናጋጅ ይጥሩ፤ ከላይ ያለውን የሰው ምስል ያለበትን ቁልፍ ይጫኑ። ማውጣቱ የእነሱ ሥራ ነው፣ ሠልጥነውበታል።