ቁርኣን በሙስሊም ጸሐፊዎች ድርሰት ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ ከጥቅስ ሌላ ምን አለ?

የፔዳ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር ሥነ ጽሑፍ እያጠናሁ ነው፣ ለሴሚናር ይሄን ርዕስ መርጫለሁ። እስካሁን ያገኘሁት ግን እከሌ የሚባል ገጣሚ እከሊት የምትባል አንቀጽ ጠቀሰ የሚል ብቻ ነው። ሌላ ምን ልፈልግ? ዐረብኛ ብዙም አልችልም።

አባይ ማዶ፦
ወንድሜ፣ ጥቅሱን ተወውና ታሪኩን ተከተል። ሱረቱ ዩሱፍን፣ ማለትም የቁርኣኑን የዩሱፍ ምዕራፍ፣ በአማርኛው ትርጉም አንብብ። ዩሱፍን የፈተነችው ሴት እዚያ ስሟ አልተጠራም፣ የዐዚዝ ሚስት ብቻ ነው የምትባለው። ፋርሳዊው ጃሚ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ረጅም ግጥም ግን ዙለይኻ ነች፤ ገና በልጅነቷ በህልሟ አይታው የወደደችው፣ ስንት ተንከራታ በመጨረሻ ፍቅሯ ወደ ፈጣሪ የዞረ ሴት። ቁርኣኑ በጥቂት አንቀጽ ያለፈውን ገጣሚው ሙሉ ሕይወት አደረገው። ለኔ ትልቁ ተጽዕኖ ይሄ ነው።

ኡሙ ሀናን፦
ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ግን ድምፁን አትርሳው። ቤት የሚመታ ስድ ንባብ፣ ሰጅዕ የሚባለው፣ ከቁርኣን በፊትም ዐረቦች ዘንድ ነበረ። ቢሆንም የኋላ ጸሐፊዎች ጆሮ የተገራው ገና በልጅነታቸው በሐፈዙት፣ በቃላቸው በያዙት፣ ቁርኣን ነው። ሂስም ቢሆን ከዚያው ነው ያደገው፤ በ1078 እ.ኤ.አ. ያረፈው የቋንቋ ሊቅ አል-ጁርጃኒ የቃላት አሰካክ ለምን እንደሚያምር የመረመረው የቁርኣንን ተአምርነት ለማስረዳት ብሎ ነው። ዐረብኛ ባትችልም ሱረቱ ራሕማንን ቁጭ ብለህ ስማ። ከ78ቱ አንቀጾች 31ዱ ያው አንድ ጥያቄ ናቸው፣ እየተመላለሰ ይመጣል። ትርጉሙን ሳታውቅ ራሱ አደራደሩ ይገባሃል።

የወሎ ልጅ፦
ሁላችሁም ውጭ ውጭውን አያችሁ! አማርኛው መንዙማ የት ሄደ? የወሎው ሸህ ጦልሃ ጀዕፈር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ ሕዝቡን በሚገባው ቋንቋ ያስተማሩበት ነው እኮ። መንዙማ በአላህ ስም ይጀምራል፣ በነቢዩ ላይ ሰለዋት፣ ማለትም የውዳሴ ጸሎት፣ ያወርዳል፤ ሰለዋቱን ያዘዘው ደግሞ ሱረቱል አሕዛብ ነው። እንግዲህ ቁርኣኑ ገና ከመግቢያው አለ ማለት ነው። ዐረብኛ አልችልም ብለህ አትጨነቅ፣ አማርኛህ ይበቃሃል። መውሊድ ሲደርስ እዚያው ከተማችሁ አዋቂዎቹ ጋ ሂድ፣ አስፈቅደህ ቅረጽ፣ ከዚያ የትኛው ስንኝ ከየትኛው ሱራ እንደመጣ እነሱኑ ጠይቃቸው።

የፔዳ ተማሪ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። መንዙማው ላይ ወስኛለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ዐጀም አንብቦ የሚያስረዳኝ ሸህ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።