ሐዋሳ ላይ ቤት ለመግዛት፦ ደላላ፣ ጠበቃ ወይስ ዘመድ?

እህቴ፣ ቶሮንቶ እየኖርሽ ሐዋሳ ቤት ብትገዢ የውጭ ነዋሪ ነሽ ተብሎ የተለየ ቀረጥ ይጠብቅሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ዜጋም ቋሚ ነዋሪም ካልሆነ ገዢ ላይ የቤቱን ዋጋ 25 ከመቶ ስለምትሰበስብ ስጋትሽ ይገባኛል። እዚህ ግን ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለሽ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የቤት ባለቤት መሆን ትችያለሽ፤ የምትከፍዪውም ሐዋሳ ተወልዶ ሐዋሳ የሚኖር ገዢ የሚከፍለውን ነው። በ2017 የወጣውና 150 ሺህ ዶላር መነሻ ያስቀመጠው ሕግ ትውልደ ኢትዮጵያ ያልሆኑ የውጭ ዜጎችን የሚመለከት ነው። እሱን እየጠቀሰ የሚያስፈራራሽን ደላላ ወዲያው ተዪው።

ገንዘብሽ የሚፈስሰው በሌላ በር ነው። ስም ሲዛወር 2 ከመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ ከተማው የሚያስከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። ይህ የገዢ ነው። በሽያጩ ትርፍ ላይ የሚጣለው 15 ከመቶ ግብር ደግሞ የሻጩ ነው፤ በአዋጅ 979/2008 መሠረት ሻጩ ቤቱን ከመሸጡ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያ ከተጠቀመበት ነጻ ይሆናል። ይሁን እንጂ ግብሩ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። ስለዚህ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ «ግብሩን ገዢ ይሸፍን» የሚል ሻጭ በጣም ብዙ ነው፤ አብዛኛው ደላላም ይህን እያወቀ ዝም ይላል። ማን ምን እንደሚከፍል ከቀብዱ በፊት በጽሑፍ ይስፈር።

ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ብር ለጠበቃ ክፈዪ የምለው። ደላላ ቤት ለማግኘት ጥሩ ነው፤ ሐይቅ ዳርንም ታቦርንም በር በበር ያውቃል። ነገር ግን ኮሚሽኑ ከቤቱ ዋጋ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ዋጋ እንዲያስቀንስልሽ አትጠብቂ። ጠበቃው በቁርጥ ክፍያ ይሥራልሽ፤ ካርታውን ከማኅደሩ ጋር ያመሳክር፣ እግድና የባንክ ዕዳ እንደሌለበት ያረጋግጥ፣ ቦታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን የተወሰደ) ብሎ ይጠይቅ። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ገንዘብ ወደ አንቺ ሊመጣ ስለሚችል ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ብድር ካሰብሽ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም አቢሲንያ ባንክም ለዳያስፖራ የቤት ብድር አላቸው። ወለዱን ብቻ አታወዳድሪ፤ ዕዳው በብር ተመዝግቦ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን ጠይቂ። ከሐምሌ 2016 በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ከ100 ብር ሲያልፍ በብር የተበደሩ ዳያስፖራዎች ዕዳ በዶላር ሲታይ በግማሽ ያህል ቀልሏል።

ዘመድን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። በዘመድ ስም ቤት አትግዢ፤ ወንድምሽ ቢሆንም እንኳ። አረብ አገር ለፍታ የላከችው ገንዘብ በአጎቷ ስም ቤት ሆኖ፣ አጎቷ ሲሞት ከልጆቹ ጋር ፍርድ ቤት የቆመች ሴት አውቃለሁ፤ እስካሁን አልተፈረደላትም። ለዘመድ ውክልና ስጪ እንጂ ስም አትስጪ። ውክልናውም ጠቅላላ አይሁን፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ሆኖ «በስሜ እንዲገዛ፣ ስም እንዲያዛውር፣ ግብር እንዲከፍል» ይበል፤ መሸጥና ማስያዝ እንደማይችልም በግልጽ ይጻፍ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ካረጋገጠው በኋላ አዲስ አበባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ስለሚያስፈልገው፣ ቤቱ ሳይገኝ አስቀድመሽ ጀምሪው።