ክርክር፦ ማየት ላቆመ ዓይን ጨረር ይገባል?

አወያይ፦ ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር የአንድ ሕፃን አንድ ዓይን ሞልቶ ብርሃኑን አጥፍቷል። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) እና ከሰውነት ውጭ የሚላክ ጨረር አብረው ይሰጡ ወይስ ዓይኑ ይውጣ?

አባት፦ ይህ ካንሰር በጨረር በቀላሉ እንደሚጠፋ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ኬሞው ያኮማትረው፣ ጨረሩ የቀረውን ይግደል። የሕፃን ዓይን ማውጣት የመጨረሻው አማራጭ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

የካንሰር ክፍል ነርስ፦ ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን ከታማሚዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ካንሰርን የሚገታውን የአርቢ1 (RB1) ጂን ጉድለት በመላ ሰውነታቸው ይዘው ነው የሚወለዱት። እነዚህ ልጆች ጨረር ከወሰዱ፣ ከዓመታት በኋላ ጨረሩ ባለፈበት አካባቢ የአጥንት ወይም የሥጋ ካንሰር የመነሳት ዕድሉ ይጨምራል፤ ዓመት ሳይሞላቸው ለወሰዱት ደግሞ ይብሳል። በዓይኑ ዙሪያ ያለው አጥንት እድገቱ ስለሚገታ ፊቱ በአንድ ወገን ሰርጎ ይቀራል። ከኬሞዎቹ አንዱ ካርቦፕላቲን ደግሞ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ሌላው ዓይን ጤነኛ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ዋጋ ልጁ የሚከፍለው ለማያይ ዓይን ነው።

ደግሞም ዓይኑ ሲወጣ፣ ዓይንን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ነርቭ ጫፍ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ካንሰሩ እስከተቆረጠበት ደርሶ ከተገኘ፣ ያኔ ኬሞም ጨረርም ይሰጥ፤ ሕይወት ለማትረፍ ነውና ከልቤ እደግፋለሁ። አስቀድሞ ኬሞ ከተሰጠ ግን ካንሰሩ የመዛመቱ ምልክት ሊደበዝዝና ሐኪሙን ሊያዘናጋ ይችላል።

እናት፦ የልጄ ሁለቱም ዓይኖች ታመው አንዱ ወጣ። በቀረው ላይ ያለው ዕጢ በኬሞ አልጠፋ ሲል ጨረሩን ፈቀድኩ። በዘር የያዛት እንደሆነ፣ ስጋቱም ዕድሜ ልክ እንደሚከተላት ነግረውኛል። በዚያ ዓይን ነው ፊቴን የምታየው። እባካችሁ "ጨረር ክልክል ነው" ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

ነርስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እኔም ብሆን እፈቅድ ነበር። እኔ የምቃወመው፣ አንድ ጤነኛ ዓይን እያለ ማየት ላቆመው ሲባል ጨረር መስጠትን ነው።

አባት፦ ሜልፋላን የሚባለው መድኃኒት በደም ቧንቧ በኩል በቀጥታ ለዓይኑ ይሰጣል ይላሉ። እሱስ?

ነርስ፦ የሠለጠነ ባለሙያ ባለበት ብዙ ዓይን አትርፏል፣ ጨረርንም አስቀርቷል። ነገር ግን የሚያክመው ዓይኑን ብቻ ነው፤ በነርቩ ሾልኮ የወጣውን አይደርስበትም። ስለዚህ መድኃኒት ከመመረጡ በፊት የልጁ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ስለ ነርቩ ምን እንዳሳየ ሐኪሙን ጠይቀው።