ቤዝቦል ለሚወዱ አዛውንት የማነብላቸው ልብ ወለድ ጠቁሙኝ

ጥያቄ፦ ትዕግሥት ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሜሪላንድ አንድ አዛውንትን በቤታቸው እየተንከባከብኩ እሠራለሁ። ብሩክሊን ተወልደው ያደጉ፣ ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ጨዋታውን የሚከታተሉት በሬዲዮ ነው። የበረዶው ወቅት ገብቶ ውድድሩ ሲቋረጥ ግን ቀኑ አልመሽ ይላቸዋል። ስለ ተጫዋች ሳይሆን ጨዋታውን ከልቡ ስለሚወድ ተመልካች የሚተርክ ልብ ወለድ ላነብላቸው አስቤአለሁ። እኔ ያደግኩት በእግር ኳስ ነው፤ ቤዝቦል አላውቅም። የትኛውን መጽሐፍ ልያዝ? ሳልደናቀፍ ለማንበብስ ምን ማወቅ አለብኝ?

መልስ፦ የመጽሐፍ ወዳጅ

እህቴ፣ የካናዳዊውን የደብሊው ፒ ኪንሴላን «ሹለስ ጆ» ያዢ። የታተመው በ1982 ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። አንድ የአዮዋ ገበሬ ድምፅ ይሰማና ከበቆሎ ማሳው ከፊሉን አጥፍቶ የቤዝቦል ሜዳ ይሠራል። ዕዳ አለበት፤ እርሻውን ሊነጠቅ ይችላል፤ እርሱ ግን ሣሩን ይንከባከባል። ስለ ሣር እንዲህ በፍቅር የተጻፈ ሌላ ልብ ወለድ አላነበብኩም።

ከመጀመርሽ በፊት ይህን እወቂ፦ በ1919 የፍጻሜ ግጥሚያ ስምንት የቺካጎ ዋይት ሶክስ ተጫዋቾች ገንዘብ ተቀብለው ለሲንሲናቲ ሆን ብለው ተሸነፉ ተብለው ተከሰሱ። በ1921 ፍርድ ቤት በነጻ ቢያሰናብታቸውም ከሊጉ ለዕድሜ ልክ ታገዱ። መጽሐፉ በቅጽል ስሙ («ሹለስ ጆ»፣ ጫማ የለሹ ጆ) የተሰየመለት ጆ ጃክሰን ከስምንቱ አንዱ ነው፤ የገበሬው አባት ጀግናም እርሱ ነበር። ይህ ካልታወቀ ሜዳው ለማን እንደተሠራ አይገባም።

መልስ፦ ቁጥር ወዳድ

ስለ ጨዋታው ለጊዜው ይህ ይበቃሻል። በየቡድኑ ዘጠኝ ሰው፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ዙር። በእያንዳንዱ ዙር ሁለቱም ቡድኖች የተወረወረላቸውን ኳስ በየተራ በዱላ ይመታሉ፤ ከሚመታው ቡድን ሦስት ሰው ሲወጣበት ተራው ለሌላው ያልፋል። እንደ እግር ኳስ 90 ደቂቃ የሚባል ነገር የለም፤ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድረስ የተመራ ቡድን ተስፋ አለው። ደጋፊውን የሚይዘው ይህ ይመስለኛል። ደግሞም ከአሥር ሙከራ ሦስቱን በሚገባ የመታ ሰው እንደ ትልቅ መቺ ይከበራል። ይህ ቁጥር መጽሐፍ ላይ .300 ተብሎ ሲመጣ «ስሪ ሀንድረድ» ብለሽ አንብቢው፤ አለበለዚያ አዛውንቱ ወዲያው ያርሙሻል።

መልስ፦ የኒውዮርክ እናት

ልጄ፣ መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ግን ከመጽሐፉ በፊት ስለ 1955 ጠይቂያቸው። የብሩክሊን ክለብ ዶጀርስ ከ1941 እስከ 1953 አምስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ አምስቱንም ጊዜ በሌላው የኒውዮርክ ክለብ በያንኪስ ተሸንፏል። ደጋፊው በየዓመቱ «ለከርሞ ጠብቁ» እያለ ከረመ፤ በ1955 አሸነፉ። ከ1957 ውድድር በኋላ ግን ክለቡ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ፤ ኤቤትስ ፊልድ የተባለው ሜዳቸውም በ1960 መፍረስ ጀመረና በቦታው የመኖሪያ ሕንጻ ቆመ። ያን ጊዜ እርሳቸው ልጅ ነበሩ። ስለጠፋ ሜዳ የሚያወሳ መጽሐፍ ቁስል ሊነካ ስለሚችል ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ጀምሪ።

ድምፅሽ ሲደክም ደግሞ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች በድምፅ የተቀዱ መጻሕፍትን በነጻ ያውሳል። በአቅራቢያሽ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ፤ ማመልከቻውን ይሰጡሻል።

ትዕግሥት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ 1955 ጠየቅኳቸውና እራት እስኪቀርብ አወሩልኝ፤ አንብቢልኝም ብለዋል። አንድ ሰው የሮበርት ኩቨርንም ልብ ወለድ ጠቁሞኝ ነበር። ይሆናል?

መልስ፦ የመጽሐፍ ወዳጅ

የ1968ቱን ነው። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ማታ ማታ ዳይ (ባለ ስድስት ገጽ የዕጣ መጫወቻ) እየወረወረ ሙሉ ሊግ በሐሳቡ ይፈጥርና ራሱ በፈጠራቸው ተጫዋቾች ልቡ ይሰበራል። ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ ጮክ ተብለው የማይነበቡ፣ ብልግና ያለባቸው ገጾችም አሉት። ለራስሽ አንብቢው፤ ለእርሳቸው ኪንሴላን ጀምሪላቸው።